ሊያርፍ ያለ ወፍ እንሣል

ፊደል የለየ እጅ ወፍ መሣል አያቅተውም። «ሀ»ን ስንጽፍ መስመር ማጠፍ ተምረናል። ዛሬ ያንኑ እጅ ለሥዕል እናውለው።

አበባችን እሬት ነው። በብዙ ግቢ አጥር ሥር ይበቅላል። አበባው እንደ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በረጅም ዘንግ ላይ ይደረደራል። ወፋችን ደግሞ የአበባ ማር የሚቀስመው ትንሹ የደጋ ወፍ ነው። ከተከዜ ወንዝ ስሙን ያገኘ ዓይነት አለ። ምንቃሩ ቆልማማ ነው። ከወንዱ ጅራት መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። ሴቷ ጎላ ያለ ቀለም የላትም። የምንሥለው ወንዱን ነው።

ታዲያ ለሥዕል ብሎ ወፉን በወንጭፍ መምታት የለም! ልጆችም እግሩን በክር አስረው ያመጡ ይሆናል። ፈትታችሁ ልቀቁት። የሞተ ወፍ ላባውን ያሳያል፤ እንዴት እንደሚበር ግን አያሳይም። የታሰረውም ይንፈራገጣል እንጂ አይበርም። መንፈራገጥና መብረር አንድ አይደሉም እኮ። ይልቅ ጧት ከእሬቱ ራቅ ብለን ዝም ብለን እንቀመጥ። ወፉ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ክንፉ ሲርገበገብ ዓይናችን አይደርስበትም። ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ማሬ የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠራ። ካሜራው በአንድ ሴኮንድ 12 ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። ያን ሁሉ የደከመው የወፍን በረራ ለማየት ነው። ጠመንጃው ግን ወፍ አይገድልም።

እኛ የምናየውን ጊዜ እንምረጥ። ወፉ ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ገላው ቀና ይላል፤ ጅራቱ ይዘረጋል፤ እግሩ ወደ ፊት ይወጣል። በከሰል ከራሱ እስከ ጅራቱ አንድ መስመር እንሳብ። ራሱንና ምንቃሩን አጥርተን እንሣል። የክንፉን ጫፍ ግን በመስመር አንዝጋው። በጣት አሸት አድርገን እንተወው። አበባውን አንድ በአንድ አጥርተን እንሣል። አበባው ጠርቶ ክንፉ ሲደበዝዝ ወፉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ቀለም ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የወንዱ ላባ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያገኘው ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቁር እንቀባ። ከዚያ ፀሐይ ባረፈችበት በኩል ብቻ ወይን ጠጅ ነካ ነካ እናድርግበት። ሁሉንም ወይን ጠጅ ካደረግነው የተነከረ ጨርቅ ይመስላል።

ሲያልቅ ወፉ በሰፈራችሁ የሚጠራበትን ስም ከሥዕሉ ሥር በራሳችሁ እጅ ጻፉ። ቀኑንም አትርሱ።