ስለ አዲስ አበባ ሌሊት የተጻፈው ለአዲስ አበቤ ይድረስ

የአንድን ከተማ የወሲብ ንግድ ገልጦ የሚያሳይ፣ በጥናት ላይ የቆመ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር አንባቢው ሁለት ጎራ ይይዛል። አንዱ ወገን «ገመናችንን አደባባይ አወጣው» ብሎ ይቆጣል። ሌላው መጽሐፉን የሚገልጠው ጉድ ለማየት ነው፤ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ልጅ ማሳደጉ የተጻፈውን ገጽ ዘልሎት ያልፋል። ይህ ጋዜጣ ከሁለቱም አይቆምም። እንዲህ ያሉ ሥራዎች በአማርኛ ሊነበቡ ይገባል፤ እስካሁን አለመነበባቸውም ከተማዋን ጎድቷታል ብለን እናምናለን።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ያልተጻፈላት ከተማ አይደለችም። ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ የሴተኛ አዳሪነትን ታሪክ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ላቀች ድራሴ በአዲስ አበባ ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1978 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማሟያ አቀረቡ፤ በ1991 ደግሞ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ቤተልሔም ተኮላ ድህነትንና የእነዚህን ሴቶች ማኅበራዊ ኑሮ የመረመሩበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 በማኅበራዊ ጥናት መድረክ በኩል ወጣ። ሦስቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ሦስቱንም ያነበበ አዲስ አበቤ ቢፈለግ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ማግኘቱ ይከብዳል።

በአማርኛ ማንበብ የሚሻ ሰው እጅ የሚገባው ልብ ወለድ ነው። በእናኑ አጎናፍር የብዕር ስም የወጣው «ሴተኛ አዳሪ» አለ። የቀድሞውን የአዲስ አበባ የመሸታ ሰፈር ውቤ በረሃን እስከ ዛሬ በአንባቢ ልብ ያኖረው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» አለ። እነዚህን ሥራዎች እናከብራለን፤ ስብሐትም ሴቶቹን እንደ ሰው ያየ ደራሲ ነው። ዳሩ ግን ከልብ ወለድ፣ ከዘፈንና ከሽማግሌዎች ጨዋታ ተቀድቶ በብዙዎቻችን ውስጥ የቀረው ውቤ በረሃ ትዝታ ሆኗል። ትዝታውም የደንበኛው ነው። አምሽቶ፣ ጠጥቶ፣ ተጫውቶ ወደ ቤቱ የገባው ሰው ስለዚያ ሰፈር ሲያወራ ኖሯል። እዚያው አድራ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው ያረጀችው ሴት ግን በራሷ አንደበት የተናገረችው በአማርኛ ታትሞ አልደረሰንም።

ጥናቶቹ የሚያወሩት ሌላ ታሪክ ነው። ፓንክረስት ነገሩን ከቀድሞው ዘመን አንስተው በጣሊያን ወረራ ዓመታት እንዴት እንደተስፋፋ ያሳያሉ። ላቀች ሴቶቹን ከየት እንደመጡ ይጠይቃሉ። መልሱ ያለ ዕድሜ የተዳረችና የተፈታች ልጅ ናት፤ መሬት የላትም፣ ከተማ ስትገባም የሚጠብቃት ወይ የቤት ሠራተኝነት ወይ መጠጥ ቤት ነው። ጠላ ጠማቂዋ፣ አረቄ ሻጯ፣ የቡና ቤት አስተናጋጇ ተራ በተራ የገቡበት በር ይኸው ነው። ቤተልሔም ደግሞ ሴቲቱን ከጎረቤቷ፣ ከልጇ፣ አገር ቤት ካለ ዘመዷ ጋር አድርገው ያዩአታል። በመጋረጃ በተከፈለች አንድ ክፍል ውስጥ ደንበኛ ከመጋረጃው ወዲህ፣ የሚያንቀላፋ ሕፃን ከመጋረጃው ወዲያ የሚሆንበትን ኑሮ ያየ ሰው «ሥነ ምግባር ጠፋ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነገሩን ሊዘጋው አይችልም። ኪራዩ በቀን የሚከፈል ከሆነማ ታመምኩ ብላ የምትውልበት ቀን የላትም።

ገመና ይከደን የሚለው ስጋት ከንቱ ነው አንልም። ሌሊት መንገድ ላይ የቆመች ሴት ፊቷ ተቀርጾ አገር ሲያየው፣ እናቷ፣ ልጇ፣ የልጇ መምህር ያዩታል። ስምና መልክ መደበቅ አለበት፤ በዚህ ላይ ከተቆጪዎቹ ጋር አንድ ነን። ጥያቄያችን ግን የተከደነው የማን ገመና ነው የሚል ነው። የወንጀል ሕጋችን ገላዋን የምትሸጠውን ሴት በዚህ ብቻ አይቀጣም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው ከእርሷ ገላ በሚገኝ ገቢ የሚኖረውን አቃጣሪና ቤቱን ለዚሁ ያዋለውን ሰው ነው። አፈሳ ሲመጣ ግን መኪና ላይ የምትጫነው ሴቲቱ ናት። አከራዩ ቤቱ ተኝቷል፤ ደላላው በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ከገጠር የምትወርድ ልጅ ይጠብቃል። ዝም ስንል የምንሸፍነው እነዚህን ነው።

ጉድ ፈላጊውንም አንባቢ ቢሆን መጽሐፉን ከፊቱ በመንሳት አናስተካክለውም። ሉዊዝ ኋይት ስለ ቅኝ ግዛት ዘመኗ ናይሮቢ ሴተኛ አዳሪነት የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጸሐፊዋ ያረጁ ሴቶችን ፊት ለፊት ጠየቁ። ሴቶቹም መንገድ ላይ የምትዞረው፣ ደጃፏ ላይ የምትቀመጠው፣ ቤቷ ሆና ለእንግዳዋ ሻይና የመታጠቢያ ውኃ የምታቀርበው እንዴት እንደሚለያዩ፣ ገንዘባቸውንም አጠራቅመው ፑምዋኒ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር የቤት ባለቤት የሆኑት እንዴት እንደሆነ ነገሯቸው። ያን መጽሐፍ ጉድ ፍለጋ የከፈተ ሰው የሚያገኘው የከተማ ሠራተኛ፣ የደመወዝና የቤት ኪራይ ታሪክ ነው። የእኛም ከተማ እንዲህ ተጠይቃ እንዲህ መመለስ ትችላለች።

ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሴቶች የኖሩባቸው ሰፈሮች እየፈረሱ ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ተከትሎታል። ከተማ መታደሷን አንቃወምም። ነገር ግን ምትክ ቤት የሚታሰበው ለባለይዞታውና ለቀበሌ ቤት ተከራዩ ነው፤ በቀን ሒሳብ ክፍል ተከራይታ ለኖረች ሴት የሚከፈት መዝገብ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ በተደረገው ቆጠራ በዚህ ንግድ የሚኖሩ ከ8 ሺሕ በላይ ሴቶች ተቆጥረው ነበር፤ ቆጠራው የታሰበውም ለኤችአይቪ መከላከል ሥራ ነው። ለበሽታ ሲባል የቆጠርናቸውን ሴቶች ሰፈራቸው ሲፈርስ ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅናቸውም።

ስለዚህ የማኅበራዊ ጥናት መድረክና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ሥራዎች በአማርኛ አስተርጉመው፣ ተማሪም ነጋዴም በሚገዛው ዋጋ እንዲያሳትሙ እንጠይቃለን። የከተማ አስተዳደሩ ነባር ሰፈር ከማንሳቱ በፊት ደባሎችንና የቀን ተከራዮችን፣ ሥራቸው ምንም ይሁን ምን፣ በምትክ ቤት ምዝገባው ያካትት። በእኛ በኩል የማንንም ሴት ፊት አናወጣም፤ ስለዚህ ንግድ ስንዘግብም ኪራዩን የሚሰበስበውን ሰው ደጃፍ ሳናንኳኳ አንመለስም።