ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አይበይድም

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይም ይሆናል። ከሁሉ በፊት የሚነካው እኔኑ ስለሆነ ግን ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ወራት አንዲት እናት ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው ናጋድ ወረዱ፤ ሰው ጠቁሟቸው ወደ እኔ ሱቅ መጡ። ልጃቸው ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። ዕቁብ ወጥቶላቸው በግቢያቸው የበርና መስኮት ሥራ ሊያስጀምሩት አስበዋል። «ልጄ፣ ትልቁን ስጪኝ፤ ሁለተኛ የምገዛበት አቅም የለኝም» አሉኝ። እኔም ካርቶኑ ላይ 300 አምፔር የሚል የተጻፈበትን የብየዳ ማሽን አወረድኩላቸው። አጠገቡ 160 የሚል ነበር፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ቁጥሩ አንሶ ዋጋው ለምን እንደበለጠ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማሽኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ተቃጠለ። እናትየው ደውለው አልተቆጡኝም። «ምናልባት ልጁ አያያዝ አላወቀበት ይሆናል» ነው ያሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ከሪያድ ገበያ እስከ ባልባላ ማሽን የምንሸጥ፣ በጋላፊና በደወሌ የምናሻግር፣ ቁጥሩ ውሸት መሆኑን እያወቅን ዝም የምንል ነጋዴዎች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የብየዳ ማሽን ሥሩ ስፒናው ነው። ኮሜርስ ስማር መጀመሪያ ያስጠኑን ነገር ደብተር ግራና ቀኙ መታረቅ እንዳለበት ነው። ካልገባ አይወጣም። እስቲ ያንን ሒሳብ እዚህ እንሥራው።

ጅቡቲም ኢትዮጵያም የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ተራው ስፒና በደኅና የሚሸከመው 16 አምፔር ነው። 220ን በ16 ብታባዙ 3,520 ዋት ይመጣል። የገቢው ዓምድ ይኸው ነው። አሁን ወደ ወጪው እንሂድ። በኤሌክትሮድ የሚበይድ ማሽን የሚለካበት ዓለም አቀፍ ቀመር አለ፦ የብየዳው ቮልት 20 ሲደመር የአምፔሩ 4 በመቶ ነው። ለ300 አምፔር 32 ቮልት ይሆናል። 300 ሲባዛ በ32፣ 9,600 ዋት። እንግዲህ 3,520 ገብቶ 9,600 ወጣ ማለት ነው! ማሽኑ ራሱ በሙቀት የሚያባክነውን ገና አልቆጠርኩም። እንዲህ ያለ ደብተር ይዤ መምህሬ ፊት ብቀርብ ከክፍል ያስወጡኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ግን በየቀኑ እንሸጠዋለን።

ከዚያው ስፒና በሐቅ ምን ያህል ይወጣል? ለ120 አምፔር ወደ 25 ቮልት ግድም ነው፤ ሲባዛ 3,000 ዋት። ማሽኑ የሚያባክነው ሲጨመርበት 3,520ው ያልቃል። ስለዚህ ተራ ስፒና ላይ የሚሰካ ማሽን ካርቶኑ 250 ይበል፣ 300 ይበል፣ 400 ይበል፣ ቀኑን ሙሉ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ ወደ 120 ነው። ለአፍታ ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ይግላል፣ ባልቦላው ይወድቃል ወይም ማሽኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ይቃጠላል። 300 በሐቅ የሚሰጥ ማሽን የፈለገ ሰው ከ50 አምፔር በላይ የሚሸከም መስመር ያስፈልገዋል። ያን መስመር በየትኛው የመኖሪያ ግቢ አያችሁ?

ደግሞስ 300 ለምን ያስፈልጋል? የላሜራ በር፣ የኤልቲዜድ መስኮት፣ የአርኤችኤስ አጥርና አልጋ የሚሠራበት ብረት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። ለዚህ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ እሱም ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። ወፈር ላለ ብረት 3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ቢገባ ከ90 እስከ 130 ነው። 300 አምፔር እውነት ቢሆን ኖሮ የዚያን ልጅ ላሜራ ወንፊት ያደርገው ነበር። እናትየው የገዙት የማይፈልጉትን ቁጥር ነው፤ ያውም የሌለውን።

ቁጥሩ እውነት ሆኖ እንኳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ደቂቃ ያለ እረፍት ይሠራል? ከማሽኑ ጀርባ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ላይ ኤክስ ከሚለው ፊደል ጎን የሚጻፈው ፐርሰንት ይህን ነው የሚናገረው። በ120 አምፔር 60 በመቶ ካለ፣ ስድስት ደቂቃ በይዶ አራት ደቂቃ ያርፋል። 20 በመቶ ካለ፣ ሁለት ደቂቃ በይዶ ስምንት ደቂቃ ይቀመጣል። አይኢሲ 60974 የሚባለው መስፈርት ለሙያተኛ ማሽን ይህ በ40 ዲግሪ ሙቀት እንዲለካ ያዛል። እኛ አገር በሐምሌ ከ40 በላይ መሆኑን ለማን ልንገር? ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ማሽን ሰንጠረዡ ከሚለውም ያነሰ ነው የሚሠራው። ሰንጠረዥ የሌለው ማሽን ደግሞ መታወቂያ እንደሌለው ሰው ነው፤ አትቀበሉት።

አውቃለሁ፣ ሥራ ባልደረቦቼ መልስ አላቸው። «ደሃው ያለው ይህቺው ናት፤ ርካሹን ካልሸጥንለት ማን ይሸጥለታል?» ይላሉ። ይህን ክርክር እኔም ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ። እውነት የሚመስለው ግማሹ ብቻ ነው። እኔ ደሃ ውድ ይግዛ አላልኩም፤ ትንሽና እውነተኛ ይግዛ ነው የምለው። ሀብታም ማሽኑ ቢቃጠልበት ሌላ ይገዛል። የዕቁብ ገንዘብ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የእኛ ፍራንክ ደግሞ ከዶላር ጋር እንደታሰረ ነው። ዘንድሮ የተቃጠለውን ማሽን የሚተካ ሰው በአምናው ብር አይተካውም። ዕቃውም ድንበር ተሻግሯል፤ ማን ይመልሰዋል? በባቡር ይዞት ይምጣ? እዚሁ ከተማ ያለ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ ይጮህብናል። ድሬዳዋና ደሴ ያለው አይጮህም። ዝምታውን ነው እንደ ትርፍ የምንቆጥረው።

ሌሎች ደግሞ «እንግዲያው አሮጌውን ትራንስፎርመር ግዙ፣ እሱ አይሞትም» ይላሉ። መዳብ የተጠመጠመበት ከባድ ትራንስፎርመር በእርግጥ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሲበላሽም ምናለሽ ተራም ሆነ በየከተማው የሚጠግነው አይጠፋም። ነገር ግን ለዚያው ሥራ ከኢንቨርተሩ ይበልጥ መብራት ይስባል፤ የጎረቤት አምፖል ያደበዝዛል፤ ጭነቱም ከባድ ነው። መስመሩ ጠንካራ ለሆነ፣ ማሽኑን ከቦታ ቦታ ለማያዞር ሰው እስማማለሁ። በቤት ቆጣሪ ለሚጀምር ልጅ ግን አምስት ኪሎ ግድም የሚመዝን፣ በሐቅ ከ120 እስከ 160 የሚል ኢንቨርተር ይሻለዋል። 160ው እስከ ጥጉ ከተፈለገ ወፍራም መስመር ይጠይቃል፤ ለ2.5 ኤሌክትሮድ ግን ግማሹ ላይ ሆኖ ሳይጨነቅ ይሠራል። ዕድሜው የሚረዝመውም ለዚሁ ነው። «3 በ1» የሚሉትንም ለጀማሪ አልመክርም። ጋዝ የሚፈልገው ብየዳ ነፋስ አይወድም፤ በእኛ ካምሲን ደጅ ላይ በጋዝ እበይዳለሁ ማለት ሻማ ይዞ መሮጥ ነው።

አሁን ወደ ቦርሳው እንምጣ። ዕቁብ ይዛችሁ ለምትመጡ እናቶችና አባቶች የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ከመቶ ብር 45ቱን ብቻ ለማሽኑ አውጡ። 20ውን ለግራይንደርና ለዲስኩ፣ 20ውን ለእጅ መሣሪያ፣ 15ቱን ለልጁ ዓይን፣ እጅና ሳንባ አስቀምጡ። ቤት የሚሠራ ሁሉ በጀቱን በማሽን ይጨርስና ብረቱን በእግሩ ረግጦ ይቆርጣል። ጥሩ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ ሞረድ፣ ሴጌቶ፣ ሁለት ክላምፕ ከሌለ ማሽኑ ወርቅ ቢሆን በሩ ይጣመማል። ደንበኛ የሚመልሰው የተጣመመ በር ነው፤ ማሽኑን አይቶ አያውቅም።

ግራይንደር ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትንሹ የ115 ሚሊ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ግድም ይዞራል። ትልቁ የ230 ሚሊ ዲስክ የተፈቀደለት ወደ 6,600 ብቻ ነው። መከለያውን አውልቆ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ላይ መግጠም በየሠፈሩ የለመድነው ነገር ነው፤ ሲፈነዳ ግን ፊት ነው የሚያገኘው። ዲስክም ጊዜው ያልፍበታል፤ መሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ወሩና ዓመቱ ተጽፏል። እርጥበትና ጨዋማ አየር ባለበት ከተማ ተቀምጦ የከረመውን ዲስክ ቀለበቱን ሳናነብ ለሰው ልጅ መስጠት ኃጢአት ነው። ማስኩም መስተዋቱ 10 ወይም 11 ቁጥር መሆኑን እዩ፤ ጥቁር የሆነ መስተዋት ሁሉ የብየዳ መስተዋት አይደለም። ጭሱን ደግሞ ወተት አያጥበውም። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም የብየዳ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2017 ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። ለወተት የምታወጡትን ለጭስ መከላከያ ጭንብል አውጡ፤ ሥራውንም ደጅ ላይ ይሥራው። ጋልቫናይዝድ ብረት ከሆነ የሚበየድበትን ቦታ ዚንኩን ሞርዶ ያንሳ፤ ያለዚያ ማታ ትኩሳት ይጥለዋል።

ገመዱንም በቢላዋ ጫፉን ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም መዳብ ተቀብቶ ነው፤ ለዚያው ውፍረት ቶሎ ይግላል።

ለነጋዴዎቻችን ደግሞ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማሽን ከካርቶን ሳይወጣ አይሸጥ። ገዢው ፊት ይሰካ፣ ቁራጭ ብረት ላይ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ አምስት ፍሬ በተከታታይ ይቃጠል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ ደረሰኙ ላይ የምንጽፈው የካርቶኑን ቁጥር ሳይሆን ከጀርባው ሰንጠረዥ ያነበብነውን አምፔርና ፐርሰንት ይሁን። ያን ጊዜ ከአስመጪው ጋር ስንከራከርም እጃችን ላይ ወረቀት ይኖራል። ሦስተኛ፣ ገዢው ከድንበር ማዶ ከሆነ ማሽኑን የሚጠግን ሰው ቅርቡ ማን እንዳለ ጠይቀን እንሽጥ፤ መለዋወጫ የማይገኝለትን አንላክ።

«እንዲህ ካደረግሽ ገበያው ወደ ጎረቤትሽ ይሄዳል» የሚለኝ አለ። ጥቂቱ ሄዷል፣ አልዋሽም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ 400 የሚል ካርቶን ያየ ሰው ለማስረዳቴ ጆሮ የማይሰጥበት ቀን አለ። ነገር ግን የሄደው አንድ ጊዜ ገዝቶ ነው የሚቀረው። ሠርቶ የበላበት ሰው ግን ወንድሙን፣ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል፤ ለኤሌክትሮዱና ለዲስኩም ይመለሳል። የእኛ ንግድ የሚቆመው በበያጁ ነው። እሱ ከከሰረ ቀጥሎ የምንከስረው እኛ ነን።

ለእኚያ እናት 160ውን ማሽን በራሴ ወጪ ላክሁላቸው። ለመመስገን አይደለም የምናገረው፤ ዕዳ ነበር፣ ከፈልኩ። ልጁ አሁን የመስኮት ሥራ ይዟል፤ ሁለተኛውን ማሽን እስካሁን አላቃጠለውም። ቀድሞም አያያዝ ያውቅ ነበር።

ነገ ሱቄ የምትመጡ ሁሉ ካርቶኑን ሳታዩ በፊት ስንት አምፔር ከግድግዳው እንደሚስብ ጠይቁኝ። መልስ ካጣሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።