እልፍኝና ማድ ቤት
ስለ ቪኛ ዴል ማርና ስለ ቫልፓራይሶ የቀረበ አስተያየት

ወደ ቺሊ የሄደ እንግዳ ከዋናው ከተማ ከሳንቲያጎ ተነሥቶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሳይወርድና የሰላማዊን ውቅያኖስ ዳርቻ ሳያይ አይመለስም። ከተመለሰም በኋላ የሚያወራው ከሁለት አንዱን ነው። ምቾት ወዳድ የሆነ እንደ ሆነ፣ ስለ ቪኛ ዴል ማር አሸዋ፣ ስለ አበባዋና ስለ ካዚኖዋ ይተርካል። ኪነ ጥበብ ወዳድ የሆነ እንደ ሆነ ግን ቪኛን ንቆ፣ ከአጠገቧ ስላለችው ስለ አሮጌይቱ ወደብ ስለ ቫልፓራይሶ፣ በየኰረብታው ላይ ስለ ተደረደሩት ባለ ቀለም ቤቶቿ ያደንቃል። እኔም ሁለቱን ከተሞች አይቼ ስመለስ የታየኝ፣ እነዚህ ሁለት ተራኪዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ነገር ይዘው መምጣታቸው ነው። ከመሐል እስከ መሐል 10 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይራራቁት እነዚህ ከተሞች የአንድ ግቢ እልፍኝና ማድ ቤት ናቸው። እልፍኙን ብቻ ያየ እንግዳ የቤቱን ኑሮ አወቅሁ ሊል አይገባውም። ማድ ቤቱንም ጢሱ ደስ ስላለው ብቻ የሚያመሰግን ሰው እንዲሁ አላወቀውም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የነበረችው ቫልፓራይሶ መሆኗን ማስታወስ ያስፈልጋል። የፓናማ ቦይ ገና ሳይከፈት፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞሮ ወደ ሰሜን የሚወጣው መርከብ ውሃና ስንቅ የሚይዝባት፣ ዕቃ የሚያራግፍባት ታላቅ ወደብ እርሷ ነበረች። የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የኢጣሊያ ነጋዴዎች መጥተው ሰፈሩባት፤ ባንክና መጋዘን አቆሙባት። ከወደቡ እስከ ሳንቲያጎ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1863 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በዚሁ የሐዲድ ሥራ መሐንዲስ የነበረውና የአካባቢውን ሰፊ መሬት ወራሽ ያገባው ሆሴ ፍራንሲስኮ ቬርጋራ በ1874 ዓ.ም. ቪኛ ዴል ማርን መሠረተ። ስሟ የባሕር ወይን ቦታ ማለት ነው። ከወደቡ ንግድ የበለጸጉት ሰዎች ከጫጫታውና ከጠባቡ መንገድ ሸሽተው በሜዳው ላይ አትክልት ያለው ቤት መሥራት ያዙ። በነሐሴ 1906 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ቫልፓራይሶን አፍርሶ በሺህ የሚቈጠር ሰው ሲገድል፣ ከባለጸጎቹ ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቪኛ ተሻገሩ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ የፓናማ ቦይ ተከፈተና መርከቡም መንገዱን ለወጠ። እንግዲህ እልፍኙ የተሠራው ከማድ ቤቱ በወጣ ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል። ቪኛ ያጌጠችው ቫልፓራይሶ ሠርታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቪኛ የመዝናኛ ከተማነቷን አጸናች። በ1930 ዓ.ም. ካዚኖዋ ተከፈተ። ለ1962 ዓ.ም. የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ ሲባል በአበባ የተሠራው ሰዓት እስከ ዛሬ ጐብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ነው። የቬርጋራ ቤተ ሰብ መናፈሻ የነበረው ኪንታ ቬርጋራ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ሲሆን፣ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በየካቲት የሚደረገው የዘፈን ውድድር ስፓንኛ ተናጋሪው ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን የሚመለከተው ሆኗል። ባሕሩ ራሱ ከደቡብ በሚመጣው ሞገድ የተነሣ በበጋ እንኳ አጥንት የሚያቀዘቅዝ ነው፤ ሰው ግን ለመዋኘት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ይመጣል። በቺሊ ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ሁሉ ንብረት ነው። በሬኛካ አሸዋ ላይ ባለጸጋውም ድኻውም ፎጣውን ማንጠፍ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ አንዱ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ፎቁ ሲገባ፣ ሌላው ሁለት አውቶቡስ ለውጦ ኰረብታ ይወጣል።

ለምን ቢባል፣ ማድ ቤቱ ቫልፓራይሶ ብቻ አይደለችም። ቪኛ ራሷ ከጀርባዋ ሌላ ማድ ቤት አላት። ከባሕሩ ፊቱን አዙሮ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው፣ በሸለቆና በገደል አፋፍ ላይ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ እኛ የጨረቃ ቤት የምንላቸውን የመሰሉ ቤቶች በብዛት ያያል። ማኑኤል ቡስቶስ የሚባለው ሰፈር በቺሊ ካሉት ከዚህ ዓይነት ሰፈሮች በስፋቱ የታወቀ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ቧንቧ ስለማይደርስ የብዙዎቹ ውሃ በቦቴ ይመጣል። ጧት ጧት ወደ ሆቴሉና ወደ ፎቁ የሚወርዱት ምግብ አብሳዩ፣ ዘበኛው፣ አልጋ አንጣፊዋና አትክልተኛው የሚያድሩት በእንደዚህ ያሉት ኰረብታዎች ላይ ነው። የአትክልት ከተማ የተባለችውን ቪኛን ውሃ የሚያጠጣው ሰው በራሱ ደጅ ውሃ በወረፋ ሲጠብቅ ማየት፣ ለእኔ ከካዚኖው ይልቅ የማይረሳ ነገር ነው።

በገንዘብ የተሠራውም ቢሆን ሁልጊዜ በደኅና መሠረት ላይ አልቆመም። ከሬኛካ ወደ ኮንኮን በሚወስደው ጠረፍ ያለው የአሸዋ ኰረብታ በ1993 ዓ.ም. የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ታወጀ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ክልሉ ተቀነሰና ፎቅ ይሠራበት ጀመር። በነሐሴ 2023 ዓ.ም. ከባድ ዝናም ዘንሞ ከአንዱ ውድ ሕንፃ ሥር አሸዋው ተደረመሰ፤ ነዋሪዎቹም እንዲወጡ ታዘዙ። እነርሱስ በጊዜ የሚነግራቸውና የሚወጡበት መንገድ ነበራቸው።

በላይኞቹ ኰረብታዎች ግን የሆነው ሌላ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በቫልፓራይሶ ኰረብታዎች ላይ የተነሣው እሳት 15 ሰው ገድሎ ከ2,000 በላይ ቤት አወደመ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 2 ቀን 2024 ዓ.ም. የተነሣው ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነ። እኛም በምናውቀው በባሕር ዛፍና በጥድ ደን ውስጥ፣ በሙቀትና በነፋስ እየተገፋ ኤል ኦሊቫርን፣ ቪያ ኢንዴፔንዴንሲያንና ሌሎችንም የቪኛ ሰፈሮች በአንድ ማታ በላቸው፤ ጎረቤት ከተማ ኪልፑዌንም አልማረም። ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ግንቦት አንድ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊና አንድ የደን መሥሪያ ቤት ባልደረባ እሳቱን ሆን ብለው አስነሥተዋል ተብለው ተይዘው ተከሰሱ። እሳቱን ማን እንደ ለኰሰው ዳኛ ይፈርድበታል። ሰውን በቤቱና በመኪናው ውስጥ ያስቀረው ነገር ግን ክብሪት ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ ከቤት መጣበቁ፣ መንገዱ መጥበቡ፣ ደኑ እስከ ደጃፍ መድረሱም ነበር። ይህ ደግሞ በአንድ ሌሊት የመጣ ሳይሆን ለብዙ ዓመታት እየታየ ዝም የተባለ ነው።

ከእሳቱ በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ የዘፈኑ ውድድር ሰዓቱ ደረሰ። ይቅር ወይስ ይደረግ በሚል ብዙ ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻ የመክፈቻው የጌጥ ሰልፍ ቀርቶ ውድድሩ ተደረገ፤ ለተጎዱትም ርዳታ ተለመነበት። መደረጉን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። መብራት የሚሰቅለው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ ምግብ የሚሸጠው ያው ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ነውና፣ ኀዘን ነው ተብሎ የዕለት እንጀራውን ቢያጣ ሁለተኛ ቅጣት ይሆንበታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለዘፈን በየዓመቱ መብራቱ፣ መንገዱና ጥበቃው በቀኑ የሚሰናዳ ከሆነ፣ በየዓመቱ በበጋ የሚመጣውን እሳት ለመጠበቅ የኰረብታው መንገድና ውሃ በቀኑ የማይሰናዳው ለምንድር ነው?

ቫልፓራይሶን ለሚያደንቁትም የምለው አለኝ። ታሪካዊው ሰፈሯ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ መመዝገቡ የሚገባት ክብር ነው። ገጣሚው ፓብሎ ኔሩዳ የኖረበት ቤት ከኰረብታው ላይ ባሕሩን ሲመለከት ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጐብኚው ለደስታው አንድ ጊዜ የሚወጣውን ደረጃ አሮጊቷ ዘንቢሏን ይዛ በየቀኑ ትወጣዋለች። ከ1883 ዓ.ም. ጀምሮ ኰረብታውን ያቀለሉላት በገመድ የሚሳቡት ሠረገላዎች በአንድ ወቅት 30 ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ቆመዋል። የቆመው ሠረገላ ለጐብኚው የጥንት ትዝታ ነው፤ ለእርሷ ግን የተቋረጠ መጓጓዣ ነው። ድኽነትን በቀለም ቀብቶ ውበት ነው ማለት፣ እርሱን አላየሁም ብሎ ፊትን ከማዞር እምብዛም አይሻልም።

አንዳንድ ወንድሞች፣ ጐብኚ ባይመጣ እነዚህ ድኾች ምን ይበሉ ነበር? እያሉ ይከራከራሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ እኔም ካዚኖው ይዘጋ፣ አበባው ይነቀል አላልሁም። እንግዳ መቀበል ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ለእንግዳ የሚነጠፈው ምንጣፍ ተገዝቶ ለቤተ ሰቡ ጣራ ሲጠፋ ነው። እልፍኝና ማድ ቤት የሚለያዩት በግድግዳ ነው እንጂ በዕድል አይደለም፤ ማድ ቤቱ ሲቃጠል እልፍኙ ብቻውን ቤት ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ወደዚያ፣ ወይም እርሱን ወደ መሰለ የመዝናኛ ከተማ የመሄድ ዕድል የሚገጥመው ተማሪ ቢኖር፣ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። በባሕሩ ይደሰት፤ ከዚያም አንድ ከሰዓት በኋላ ቈርጦ፣ ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት አውቶቡስ ተሳፍሮ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሂድ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ እሳት ቢነሣ በየት በኩል እንደሚወጣ ይጠይቅ። ከተማ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ስለ ከተማቸው ውበት ሲናገሩ የኰረብታውን ሕዝብ ጨምረው ይቍጠሩ፤ ከካዚኖና ከዘፈን የሚገኘውም ገንዘብ አስቀድሞ ለቧንቧና ለመንገድ ይዋል። አበባው ከዚያ በኋላ ቢተከል ይደርሳል።