ቮልቴጅ ለዕጢም ይሆናል



ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ከመድረሳ ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ፍለጋውን ግን ለሕክምና ተማሪዎች ትተን እኛ የኢንጂነሪንጎቹ ዳር ቆመናል። ልክ አይመስለንም።

ብሊዮማይሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሴልን ሽፋን አልፎ መግባት ይከብደዋል። ዕጢው ላይ በኤሌክትሮድ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ሲለቀቁ ግን ሽፋኑ ለጊዜው ይበሳሳል፤ መድኃኒቱም ሰተት ብሎ ይገባል። በፈረንሳይ ሉዊስ ሚርና ባልደረቦቹ በሰው ላይ የሞከሩትን ውጤት በ1991 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ዛሬ በአውሮፓ በብዛት የሚሰጡት 8 ምቶች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 100 ማይክሮሰከንድ።

እኛን የገረመን ክትትሉ ነው። የሴል ሽፋን እንደ ካፓሲተር ነው፤ ሲበሳ የዕጢው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ይጨምራል። ስለዚህ ከረንቱን እየለኩ ሽፋኑ መበሳት አለመበሳቱን በዚያው ቅጽበት መገመት ይቻላል። ዕጢው መክሰም አለመክሰሙ ግን የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህ እኮ በሰርኪት ላብ ለማርክ ብለን ለክተን የምንረሳው ነገር ነው!

ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያጣን ሰዎች ያንኑ የትራፊክ መብራት ከምንደጋግም፣ የሕክምና ተማሪ ወንድምና እህቶቻችንን ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ እናማክር።