በአፈር ሜዳ ላይ ስለሚሮጥ አውቶሞቢል የፊት ሞላ

በአሜሪካ አገር በአፈር ሜዳ ላይ የሚደረገው የአውቶሞቢል እሽቅድምድም በብዙ ስፍራ የቤተ ሰብ ሥራ ነው። አባት ቁልፍ ይዞ ከመኪናው ሥር ይተኛል፤ ልጅ መሪውን ይይዛል፤ እናት ወይም እኅት ሰዓቱን እየቆጠረች በደብተር ትጽፋለች። ስለዚህ ነገሩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የዚህ ገጽም ጉዳይ መሆኑን የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን እንደምትቀበሉልን ተስፋ እናደርጋለን። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ዛሬ የፊቱን ሞላ መምረጣችን፥ በአባትና በልጅ መካከል ክርክር የሚያስነሣ፥ ገንዘብም የሚያስጠፋ፥ ያለ አግባብ የተገጠመ እንደ ሆነም ልጁን ከግንብ ጋራ የሚያጋጭ እርሱ ስለ ሆነ ነው።

ሜዳው ሞላላ ነው። በኦሃዮ ክፍለ አገር የሚገኘውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የተከፈተው የኤልዶራ ሜዳ ዙሪያው ግማሽ ማይል ሲሆን፥ መታጠፊያዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው። መኪናው የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ስለ ሆነ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይጋደላል፤ ነጂው ፍሬን በያዘ ጊዜ ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት በቀኙ የፊት ጎማ ላይ ነው።

እንግዲህ ሞላ የመኪናውን ክብደት አይጨምርም፥ አይቀንስምም፤ ወደ ቀኝ ከሚጋደለው ክብደት የፊቱ ድርሻ ምን ያህል፥ የኋላው ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን ይወስናል እንጂ። ፊቱ ከኋላው ይልቅ እየጠነከረ የሄደ እንደ ሆነ የፊቱ ድርሻ ይበዛል። ጎማ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን መሬቱን የመያዝ ኃይሉ እጥፍ አይሆንለትም። ስለዚህ ብዙ የተጋደለበት ወገን ቀድሞ ይከዳል፤ ልጁ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር አፍንጫው እንቢ ብሎ ወደ ውጭው ግንብ ይሄዳል። ፊቱ ከመጠን በላይ የለሰለሰ እንደ ሆነ ግን የሚከዳው ኋላው ነው፤ ጅራቱም ይወጣል። በአፈር ላይ ጅራት ጥቂት መውጣቱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነጂዎች የሚታጠፉት በዚሁ ነው። ነውሩ መጠኑን ሲያልፍ ነው።

አባቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ልጁ «አፍንጫው አልታጠፍ አለኝ» ባለ ጊዜ፥ መኪናው ወደ ቀኝ ሲያጎነብስ ያዩት አባት ደካማ ሞላ ነው ብለው የጠነከረ ይገዛሉ፤ ሕመሙም ይብሳል። ሌላው ደግሞ ሞላውን ለማላላት ብሎ ከጠመዝማዛው አንዱን ዙር በመጋዝ ይቆርጣል። ይህ ግን ተቃራኒውን ያመጣል፤ ከሚሠሩት 8 ዙሮች አንዱ ቢቆረጥ የቀሩት 7ቱ በ14 በመቶ ያህል የጠነከሩ ይሆናሉ። የሽቦው ውፍረትማ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል፤ በ10 በመቶ ብቻ ቢወፍር ጥንካሬው በ46 በመቶ ይጨምራል። ከዓይን የሚሰወር ልዩነት በሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጣልና፥ በዓይን ገምቶ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

የጎረቤትን ቁጥር መቅዳትም አይጠቅምም። ሞላው በክንዱ መካከል የተቀመጠ እንደ ሆነ 500 ፓውንድ በኢንች የተባለው በጎማው ዘንድ የሚሰማው እንደ 125 ብቻ ነው። የጎረቤቱ ሞላ ወደ ጎማው የቀረበ ቢሆን ያው ቁጥር ሌላ ነገር ይሆናል።

አሁን አጥብቀን ወደምንናገረው ደረስን። በአንድ ሞላ ላይ 600 ፓውንድ ሸክም ያርፋል እንበል። ባለ 500 የሆነው ሞላ 1.2 ኢንች ይጨመቃል፤ ባለ 600 የሆነው ግን 1 ኢንች ብቻ ነው። ሞላው ተቀይሮ የማስተካከያው ብሎን ባለበት ከተተወ ያ ማዕዘን ከፍ ይላል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ በማናቸውም ወለል ላይ ቢቀመጥ አይወላገድም፤ ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ግን በአንዱ እግር ሥር ስንጣሪ ቢገባ፥ ያ እግርና በማዶ ለማዶ ያለው ጓደኛው ሸክሙን ይወስዱና የቀሩት ሁለቱ ይቀልላቸዋል። አውቶሞቢልም እንዲሁ ነው። የግራው ፊት ከፍ ቢል የቀኙ ኋላ አብሮ ይከብዳል፤ የቀኙ ፊትና የግራው ኋላ ይቀላሉ። ልጁም የተለወጠ ነገር ሲሰማው፥ ያመጣው ሞላው ይሁን ወይም ከፍታው ማንም ሊነግረው አይችልም። ስለዚህ ሞላ በተቀየረ ቁጥር ከፍታው ወደ ነበረበት እስኪመለስ ብሎኑን ማስተካከል፥ በዚያም ጊዜ ሌላ ምንም ነገር አለመንካት ይገባል።

አፈሩም በአንድ ምሽት አንድ ሆኖ አይቆይም። በመጀመሪያ ውኃ ጠጥቶ ጎማን አጥብቆ ይይዛል፤ መኪናውም በኃይል ስለሚያጎነብስ ጠንከር ያለ ሞላ ይፈልጋል። እየደረቀ ሲንሸራተት ግን ብዙ ሠራተኞች አራቱንም ማዕዘን ያለሰልሳሉ፤ ጎማው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሳይዘል መሬቱን እንዲከተል ነው። በዚህ ጊዜ ፊቱን ብቻ ማለስለስ ከላይ ያልነውን ሚዛን ስለሚያናጋ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በክርክሩ ጊዜ ቀድሞ ሊሰማ የሚገባው በእኛ አስተያየት ደብተሩን የያዘው ሰው ነው፤ ትንሺቱ እኅት ብትሆንም። ይህን ስንል የአባትን ክብር ለመቀነስ አይደለም። አባት ትናንት የገጠሙትን ከሦስት ሳምንት በፊት ከገጠሙት ጋራ በልብ ብቻ ማመዛዘን አይችሉም፤ እርስዋ ግን ገጹን ትገልጣለች። በገጹም ላይ የሞላው ቁጥር፥ የአራቱ ማዕዘን ክብደትና ከፍታ፥ የጎማው ነፋስ፥ አፈሩ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑ፥ ልጁም ከመኪናው እንደ ወረደ የተናገረው ቃል ሳይታረም ይጻፍ። ክብደቱ ሲመዘን ልጁ በወንበሩ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ቤንዚኑም ለውድድሩ የሚሞላውን ያህል ይሁን። አዲስ ሞላም ከመገጠሙ በፊት በመፈተኛ ተለክቶ የተገኘው ቁጥር በቀለም ይጻፍበት፤ ከፋብሪካው የተጻፈበት ቁጥር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ጋራ አይገጥምምና።