ትረካ የድምፅ ማሳመር ጉዳይ አይደለም

ሰሞኑን መጻሕፍትን በጆሮዬ ሳነብ ሰነበትሁ። «በጆሮ ማንበብ» የሚለው አነጋገር አንዳንድ መምህራንን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ የሥነ ጽሑፍ ውይይት ላይ አንድ የተከበሩ የቋንቋ መምህር ተነሥተው «መጽሐፍ የሚነበብ እንጂ የሚደመጥ አይደለም፤ ማድመጥ የሰነፍ ንባብ ነው» ሲሉ የአዳራሹ ግማሽ አጨበጨበላቸው። እኔ አላጨበጨብሁም። ያላጨበጨብሁት ግን የሌላውን ግማሽ ሐሳብ ስለ ደገፍሁ አልነበረም። ሌላው ግማሽ በዕረፍት ሰዓት ሲያወራ የሰማሁት «የእገሌ ድምፅ እንዴት ያምራል! የእገሊትስ እንዴት ይንቆረቆራል!» እያለ ነውና። አንደኛው ወገን ትረካን ከንባብ በታች ጣለው፤ ሁለተኛው ወገን ከዘፈን ጋር ቀላቀለው። ሁለቱም ሳይጠይቁት ያለፉት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ተራኪው ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መልስ አጭር ነው። የአማርኛ ተራኪ ማለት ፊደላችን በወረቀት ላይ ሳያሰፍረው የቀረውን የቋንቋችንን ክፍል በአንደበቱ የሚሞላ ሰው ነው። ይህን ማለቴ ተራኪን ለማሞገስ አይደለም፤ ኃላፊነቱን ለማሳየት ነው።

እንደሚታወቀው ፊደላችን ሰባቱን ድምፆች አንድ በአንድ ለይቶ ሲጽፍ ማጥበቅንና ማላላትን ግን አይጽፍም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ሰፊ» ሲላላ በመርፌና በክር የሚያድር ባለሙያ ነው፤ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ይሆናል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ያስገባናል፤ ሲጠብቅ ወንበር ላይ ያስቀምጠናል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። በዝምታ የሚያነብ ሰው እነዚህን ቃላት ሳያስተውል በዐይኑ ሊሻገራቸው ይችላል፤ ቢሳሳትም ስህተቱ በራሱ ላይ ይቀራል። ተራኪ ግን የሚሻገርበት ቀዳዳ የለውም። እያንዳንዱን ቃል ወይ ማጥበቅ ወይ ማላላት አለበት። ስለዚህ በየመሥመሩ ይፈርዳል። ፍርዱንም ሺህ ጆሮ ይቀበላል።

ይህ ፍርድ ሲዛባ ምን እንደሚደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በተንቀሳቃሽ ስልክ ከሚደመጡት መካከል አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ በቅርቡ አደመጥሁ። የማነሣው ስህተቱን እንጂ ሰዎቹን ስላልሆነ የመጽሐፉንም የተራኪውንም ስም አልጠቅስም። ከታሪኮቹ በአንዱ በእንጀራ አባቱ ቤት የሚያድግ ልጅ አለ። ደራሲው ማታ ማታ በቤቱ የሚሆነውን ሲነግረን ልጁ «ይመታል» ይላል። ቃሉ መጥበቅ ነበረበት፤ የሚመታው እርሱ ነውና። (እነሆ፣ እኔም ይህን ስጽፍ አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ «ዱላው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው» ብዬ ለመጨመር ተገድጃለሁ።) ተራኪው አላልቶ አነበበው። በአንድ ቃል ተደብዳቢው ደብዳቢ ሆነ! የተራኪው ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ትንፋሹ አይቆራረጥም፤ ስለ ድምፁ ማማር ከተነጋገርን የሚወጣለት እንከን የለም። ያ ሁሉ ውበት የአንድን ልጅ ስቃይ ገልብጦ ለማቅረብ ዋለ።

ይህን ችግር ከሁሉ ቀድመው ከተገነዘቡት ደራስያን አንዱ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የአጻጻፍ መሻሻል ደጋፊ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። ልማዱ በሌሎች ዘንድ አልተስፋፋም። የዛሬ ወጣት አንባቢ ያንን ኅትመት ቢያገኝ ነጥቦቹን የማተሚያ ቤት ቀለም የተንጠባጠበ ሊመስሉት ይችላሉ። ለእኔ ግን እነዚያ ነጥቦች ደራሲው ለአንባቢው ጆሮ የጻፏቸው መልእክቶች ናቸው። በገጹ ላይ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ምን መምሰል እንዳለበት ጭምር ሊያወርሱን ፈልገዋል። በአማርኛ ከተተረኩት ልብ ወለዶች ሁሉ እንደዚህ መጽሐፍ ትረካ በሕዝብ ልብ የገባ የለም። መጽሐፉ ይህን ያህል ለጆሮ የተጨነቀ ሆኖ መገኘቱን ተራ አጋጣሚ ነው ብዬ ለማለፍ ይቸግረኛል።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የተረከውን ዘንድሮ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ አደመጥሁ። ወጋየሁ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ ትረካው ግን ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ እየተሻገረ እዚህ ደርሷል። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ለባለታሪኮቹ የሰጣቸውን ድምፅ ነው። እውነት ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከጉዱ ካሣ ጋር፣ ጉዱ ካሣም ከበዛብህ ጋር በጆሮ አይምታቱም። እኔን ዘንድሮ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ባለታሪኮቹ ተናግረው ዝም ሲሉ ወጋየሁ ምን ያደርጋል? ዝቅ ይላል። ድምፁን ለደራሲው ይመልሳል። የፊታውራሪው ቁጣ ወደሚቀጥለው የትረካ ዓረፍተ ነገር አይፈስም፤ የሰብለ ወንጌል ኀዘንም የአገሩን መልክዓ ምድር ሲገልጽ አብሮት አያለቅስም። ሐዲስ ዓለማየሁ በረጅም ዓረፍተ ነገር ነገሩን እያዋዙ፣ እያስታመሙ ሲሄዱ እርሱም አይቸኩልም፤ ግሡ እስኪመጣ ድረስ ሐሳቡን አንጠልጥሎ ይዞ ይዘልቃል። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነውና የሚመጣው፣ ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ ያላወቀ ተራኪ መካከል ላይ ድምፁን ጥሎ ይወድቃል። ወጋየሁ አይወድቅም።

«የመድረክ ሰው ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። በ2010 ዓ.ም. ያረፈውን ፍቃዱ ተክለ ማርያምንም ለአብነት ይጠቅሳሉ፤ እርሱም በመድረክም በትረካም የተመሰገነ ነበርና። በዚህ ክርክር በከፊል እስማማለሁ፤ ነገር ግን መድረክ ምን እንዳስተማራቸው በትክክል እንናገር። መድረክ ያስተማራቸው ማልቀስና መጮኽን አይደለም። ተዋናይ ቃለ ተውኔቱን ሕዝብ ፊት ከማቅረቡ በፊት አንብቦ ይጨርሰዋል፤ ከአዘጋጁ ጋር ይከራከርበታል፤ ሳምንታት ይለማመደዋል። ዛሬ የሚበዙት የተተረኩ መጻሕፍት ያጡት ይህንን ነው። ተራኪው መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው እየቀዳ መሆኑ በድምፁ ያስታውቃል። በጥያቄ ምልክት የሚያልቀውን ዓረፍተ ነገር እንደ መግለጫ ይጀምረውና መጨረሻ ላይ ምልክቱን ሲያገኝ በድንጋጤ ድምፁን ያነሣዋል። እኛም አብረነው እንደነግጣለን።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ወጋየሁን መቅዳት ነው። ቢያንስ ሦስት ተራኪዎች በተለያዩ መጻሕፍት የእርሱን አወራረድና የእርሱን ፋታ ሲደግሙ ሰምቻለሁ። በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የባንክ ሠራተኛ እንደ ጎጃም ባላባት ስትናገር ስሰማ መሣቅ ወይስ ማዘን እንዳለብኝ ቸገረኝ። ወጋየሁ ያንን ድምፅ ያገኘው ከማንኩሳና ከዲማ፣ ከዚያ መጽሐፍ ቋንቋ ውስጥ ነው። ሌላ መጽሐፍ ሌላ ድምፅ ይጠይቃል። ቅጂው ለወጋየሁ ክብር ነው የሚሉ አድናቂዎች አሉ፤ እኔ ግን አክብሮቱ አይታየኝም። እርሱ ጽሑፉን አገለገለ፤ እነርሱ እርሱን አገለገሉ፤ ጽሑፉም ያለ አገልጋይ ቀረ።

ስለ ዋሽንቱስ ምን እንበል? አንድ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሊያዝን ገና ሲቃጣው ከበስተኋላ ዋሽንት ይነሣል። ዋሽንቱ ከባለታሪኩ በፊት ያለቅሳል። ደራሲው ሦስት ገጽ ሙሉ በዝምታ ያከማቸውን ኀዘን ዋሽንቱ በሦስት ሴኮንድ አስቀድሞ ያባክነዋል። የሙዚቃ ባለሙያዎቻችንን አልነቅፍም፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት። አዛዡ ግን በደራሲው ቃል አላመነም።

አሁን ወደ መምህሩ ልመለስ። «መጽሐፍ የሚደመጥ አይደለም» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ከአገራችን የትምህርት ታሪክ ግን አልመጣም። በንባብ ቤት ተማሪው ዳዊትን የሚያነበው ድምፁን አውጥቶ ነው። የኔታም ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ሳያዩ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ መልሰው፣ ስህተቱን በጆሮ ይይዙታል። ቃሉ ተነሽ ነው ወይስ ወዳቂ፣ ተጣይ ነው ወይስ ሰያፍ? የሚለው ትምህርት የግዕዝ ንባብን አካሄድ በዝርዝር የሚወስን ነው፤ ወዳቂውን ያነሣ፣ ተነሹን የጣለ ተማሪ «ድምፅህ ያምራል» ተብሎ አይታለፍም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ይደግመዋል። ከዚህ የተሻለ የትረካ ማሠልጠኛ ሥርዓት ከወዴት ልናመጣ ነው? ለግዕዝ እንዲህ የተጠነቀቅን ሕዝብ ለአማርኛ ልብ ወለድ «እንደ ፈለገህ አንብበው» ማለታችን ያሳዝናል።

ደግሞስ «የሰነፍ ንባብ» የተባለው ማንን ነው? ዐይነ ስውሩን ተማሪ ነው? መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች እያነበቡለት፣ በካሴት እየተቀዳለት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ወገናችን ሰነፍ ነው? ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኙት እናትስ? ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተወልዶ አማርኛን እየሰማ የሚያድግ፣ ፊደሉን ግን ያልተማረ ልጅስ? ለእነዚህ ሁሉ የተተረከው መጽሐፍ ሌላ ቅጂ የለውም። ገጹን ገልጠው አያመሳክሩም። ተራኪው የተናገረው ለእነርሱ መጽሐፉ ራሱ ነው። ስለዚህም ነው እንደ መምህሩ ትረካን ለመጣል የማልስማማው፤ ስለዚህም ነው ድምፅ አድናቂዎቹን ይበልጥ የምቆጣቸው።

አሳታሚዎችና የስቱዲዮ ባለቤቶች «ገበያው አይፈቅድም፤ ለዝግጅት የሚሆን ጊዜና ገንዘብ የለም» እንደሚሉ ይገባኛል። ተራኪዎች የሚከፈላቸው አነስተኛ መሆኑንም ከራሳቸው አንደበት ሰምቻለሁ። ሆኖም የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከቀረጻ በፊት አንድ አርታዒ ጽሑፉን ይዞ ይቀመጥ፤ የሚያሻሙትን ቃላት እንደ ሐዲስ ዓለማየሁ በነጥብ ያመልክት። ቀረጻውን ሌላ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ያድምጠው። ምዕራፍ ከተቆረጠ መቆረጡ ይነገር፤ እኔ በእጄ መጽሐፉን ይዤ ከተከታተልሁት አንድ ትረካ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሳይነገረኝ ተዘልሏል። ይህ በኅትመት ቢሆን ኖሮ ጉድለቱን ይዘን መጽሐፍ መደብር በመለስነው ነበር። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» የሰሜን ሸዋ ገጠር አነጋገር፣ ተረትና ምሳሌ፣ ሙግትና ሽሙጥ የሞላበት መጽሐፍ ነው፤ ብዙ አንባቢ በዐይኑ ጀምሮ ያቋርጠዋል። አነጋገሩን የሚያውቅ፣ የተዘጋጀ ተራኪ ቢያገኝ ለስንቱ በተከፈተ ነበር! ሳይዘጋጅ ለሚቀርብ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መሰናከያው ብዙ ነው።

ቀደም ሲል የጠቀስሁትን የእንጀራ ልጅ ታሪክ አንድ ወጣት ወዳጄም አድምጦታል። የታሪክ መምህር ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጥቶ ሳለ ነገሩን አነሣው።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ ግራ አጋብቶኛል። ማታ ማታ እርሱ የሚደበድብ ከሆነ እናቱ ጀርባውን ቅቤ የምትቀባው ለምንድን ነው? እስቲ መጽሐፉን አይተህ ንገረኝ።»

መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ አየሁ። ገጹ ላይ ያሉት አራት ፊደላት ናቸው፤ ለመጥበቁም ለመላላቱም ምልክት የላቸውም። ልጁ ተደብዳቢ እንጂ ደብዳቢ እንዳልሆነ ነገርሁት።

«ነጥብ ከሌለው አንተ በምን አወቅህ?» አለኝ።

«ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ተራኪው የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር አላነበበውም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።