ከቆጠራ በፊት ሲሜትሪ፦ ስለ ሞዱላር ኢንቫሪያንቶች ምደባ

በኮንፎርማል የመስክ ንድፈ ሐሳብ የሞዱላር ኢንቫሪያንት ፍለጋ ሲነገር ቀላል ነው። በኤስም ሆነ በቲ ማትሪክስ ከግራም ከቀኝም ቢባዛ ውጤቱ አንድ የሚሆን፣ አባላቱ ኔጌቲቭ ያልሆኑ ሙሉ ቁጥሮች የሆኑ፣ ቫኪዩሙም ከራሱ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የሚጣመርበት ማትሪክስ መፈለግ ነው። ደረጃው ከተወሰነ ኮምፒውተር ይህን ቆጥሮ ሊጨርሰው ይችላል። ደረጃዎቹ ግን ማለቂያ የላቸውም፤ እስከ አንድ ገደብ የተቆጠረ ሠንጠረዥ ከገደቡ ማዶ ስላለው ምንም አይናገርም። በእኔ እምነት የተመራማሪው የመጀመሪያ መሣሪያ የጋሎዋ ሲሜትሪ መሆን ይገባዋል።

ኤስዩ(2)ን በደረጃ 13 እንውሰድ። መስኮቹ ከ1 እስከ 14 የተቆጠሩ ናቸው፤ ቫኪዩሙ 1 ነው፤ የኤስ አባላትም ከቋሚው አባዢ በቀር የ12 ዲግሪ ብዜቶች ሳይን ናቸው። 11² − 1 = 120 ለ60 ስለሚካፈል ቲ ቫኪዩሙ ከመስክ 11 ጋር እንዲጣመር ይፈቅዳል። ጋሎዋ ግን አይፈቅድም። የጋሎዋ ግሩፕ መስኮቹን ሲያዘዋውር ለእያንዳንዳቸው የአዎንታ ወይም የአሉታ ምልክት ይሰጣል። የሁለቱ ተጣማሪዎች ምልክት ከተለያየ፣ አንዱ ኔጌቲቭ ያልሆነ አባል የሌላው ኔጌቲቭ ያልሆነ አባል ተቃራኒ ይሆናል፤ ይህም የሚቻለው ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው። በ7 ብናባዛ የ84 ዲግሪ ሳይን አዎንታዊ፣ የ924 (ማለትም የ204) ዲግሪ ሳይን አሉታዊ ይሆናል፤ ጥምረቱ በአንድ መስመር ስሌት ወደቀ። ያው 11 በደረጃ 28 ፈተናውን ሁሉ ያልፋል፤ ከ19 እና ከ29 ጋር በቫኪዩሙ ጎን ተሰልፎም ኢ8 የሚባለውን ልዩ ኢንቫሪያንት ያስገኛል።

ካፔሊ፣ ኢትዚክሶንና ዙበር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት የኤስዩ(2) ምደባ፣ ከነኤ-ዲ-ኢ ሥርዓቱ፣ በውበቱ ዓይን ይስባል፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። ጋነን እ.ኤ.አ. በ1994 የኤስዩ(3)ን ምደባ ሲያጠናቅቅ ዋነኛ መሣሪያው ይኸው የምልክት ሕግ ነበር። ኮብሊትዝና ሮርሊክ ቀደም ብለው ሕጉን በፌርማ ኩርባዎች ያኮቢያን ጥናት ውስጥ አግኝተውት ነበር፤ ለፊዚክስ ተብሎ የተነሣ ጥያቄ እዚያ መገኘቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሕጉ ሁሉን አይጨርስም። የደረጃ 16 ኢ7 ቫኪዩሙን ብቻ በመመርመር አይታይም፤ ቫኪዩሙ እዚያ እንደ ዲ ተከታታይ ከ17 ጋር ብቻ ይጣመራል፤ ልዩነቱ የሚገለጠው 3 እና 15 ከ9 ጋር ሲጣመሩ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የማትሪክሱ መገኘት የንድፈ ሐሳቡን መኖር አለማረጋገጡ ነው። ሁኔታዎቹን ሁሉ አሟልተው የማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ፓርቲሽን ፋንክሽን ያልሆኑ ማትሪክሶች ይታወቃሉ። ፉክስ፣ ሩንከልና ሽቫይገርት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በተከታታይ ባሳተሟቸው ሥራዎች ጥያቄውን ወደ ፍሮቤኒየስ አልጀብራዎች መልሰውታል። አዲስ ኢንቫሪያንት አገኘሁ የሚል ጽሑፍ አልጀብራውን ካላቀረበ፣ ያገኘውን «እጩ» ብሎ ቢጠራው እመርጣለሁ።